ፕሮሰሱ ምን ያያል? ስለ ሼርድ ላይብረሪ ለተሰራጨው የፓይተን መመሪያ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በደብረ ብርሃን ፕሮግራሚንግ የሚማሩ ወጣቶች እየተቀባበሉ የሚያነቡት አንድ የአማርኛ መመሪያ አለ። በሊኑክስ ላይ ፓይተን አንድን ሼርድ ላይብረሪ (ብዙ ፕሮግራሞች የሚጋሩትን የኮድ ፋይል) መክፈት አቅቶት ሲቆም ምን ማድረግ እንደሚገባ የሚያስረዳ ሲሆን፣ ከመንዝም ከሸዋ ሮቢትም የመጡ ተማሪዎች በስልካቸው አስቀምጠውት አይቻለሁ። በቋንቋችን እንዲህ ያለ ጽሑፍ ብርቅ ስለሆነ ጸሐፊው ሊመሰገኑ ይገባል፤ አጻጻፋቸውም ግልጽ ነው። ይሁን እንጂ ከምክሮቻቸው አብዛኞቹ ችግሩን ለጊዜው ሸፍነው ለሌላ ቀን የሚያቆዩ፣ አንዳንዶቹም በቀረቡበት መልክ ጨርሶ የማይሠሩ በመሆናቸው ምላሽ መጻፉ አስፈላጊ መስሎ ታይቶኛል።

በቅድሚያ ጽሑፉ የሚለውን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ፓይተን ላይብረሪውን መክፈት አልቻልኩም ካለ ላይብረሪው ማሽኑ ላይ የለም ማለት ስለሆነ እንደገና ኢንስቶል ይደረግ ይላል። ይህ ካልረዳ ላይብረሪው ያለበት ፎልደር ኤልዲ ላይብረሪ ፓዝ በተባለው ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል (ፕሮግራሞች የሚያነቡት፣ ስም የተሰጠው ዋጋ) ላይ ተጨምሮ ተርሚናል ሲከፈት በሚነበበው በባሽአርሲ ፋይል መጨረሻ ላይ ይጻፍ፤ ከዚያ ወዲያ ችግሩ ለሁልጊዜው ይወገዳል ይላል። ባሽአርሲን መንካት የማይፈልግ ሰው ቫሪያብሉን በፓይተን ፕሮግራሙ የመጀመሪያ መስመር ላይ፣ ፓይተን ቫሪያብሎቹን በሚያይበትና በሚለውጥበት በኦኤስ ኢንቫይሮን በኩል፣ ሊሞላው እንደሚችልም ያክላል። የሚፈለገው የላይብረሪ ቁጥር (በፋይሉ ስም መጨረሻ ያለው) ማሽኑ ላይ ካለው ከተለየ በሚፈለገው ስም ሲምሊንክ (ወደ ሌላ ፋይል የሚያመለክት ስም) እንዲሠራ፣ ይህም ካልተሳካ ፕሮግራሙ በሱዶ፣ ማለትም በአስተዳዳሪ ሥልጣን፣ እንዲነሣ ይመክራል። በዊንዶውስ ለሚሠሩት ደግሞ ፎልደሩን ፓዝ በተባለው ቫሪያብል ላይ መጨመር በቂ ነው ይላል።

ከእነዚህ ምክሮች ሁሉ በስተጀርባ አንድ እሳቤ አለ፤ ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል የማሽኑ ንብረት እንደሆነ፣ አንድ ጊዜ ከተጻፈም ማሽኑ ላይ የሚነሣ ፕሮግራም ሁሉ እንደሚያየው የሚቆጥር ነው። የቫሪያብሉ ባለቤት ግን እያንዳንዱ ፕሮሰስ፣ ማለትም በሥራ ላይ ያለ እያንዳንዱ ፕሮግራም፣ ነው። ፕሮሰስ ሲነሣ ካስነሣው ፕሮሰስ ቅጂ ይወርሳል፤ ነገሩ ለመንገደኛ እንደሚቋጠር ስንቅ ነው፤ ሰውየው ጣርማ በርን ካለፈ በኋላ ደብረ ብርሃን ላይ የሚቆላው ቆሎ አይደርሰውም። ይህ ከተጨበጠ የጽሑፉ ምክሮች የቱ ጋ እንደሚሳሳቱ ለማየት አያስቸግርም።

«መክፈት አልተቻለም» የሚለው መልእክት «ላይብረሪው የለም» ማለት ነው ከሚለው ልጀምር። በሊኑክስ ሼርድ ላይብረሪን የሚፈልገው ዳይናሚክ ሎደር የተባለው የሲስተሙ ክፍል ነው። ፓይተን ስሙን ሰጥቶት መልሱን ይጠብቃል እንጂ ራሱ አይፈልግም። ሎደሩ በብዙዎቹ የሊኑክስ ዓይነቶች የሚከተለው ቅደም ተከተል የታወቀ ነው። አርፓዝና ራንፓዝ የሚባሉት ላይብረሪውን በሚጠይቀው ፋይል ውስጥ የሚጻፉ የፎልደር አድራሻዎች ናቸው። በቅድሚያ አርፓዝ ካለና ራንፓዝ ከሌለ አርፓዙን ይመለከታል፤ ቀጥሎ ኤልዲ ላይብረሪ ፓዝን፣ ከዚያ ራንፓዝን፣ ከዚያ ኤልዲኮንፊግ የተባለው ትእዛዝ የሚያዘጋጀውን የላይብረሪዎች መዝገብ፣ በመጨረሻም ሊብ እና ዩኤስአር ሊብ የተባሉትን መደበኛ ፎልደሮች ይፈትሻል። ከእነዚህ ውጭ ያለን ፎልደር አያውቀውም። ስለዚህ ፋይሉ ኦፕት በተባለው ፎልደር ውስጥ በደህና ተቀምጦ ሳለ «አልተገኘም» ሊባል ይችላል፤ እንደገና ኢንስቶል ቢደረግም የሚመለሰው እዚያው ቦታ ስለሆነ የሚለወጥ ነገር የለም።

ከዚህም በላይ ጽሑፉ የተለያዩ መልእክቶችን በአንድ ስም ይጠራል። ፋይሉን መክፈት አልተቻለም የሚለው መልእክት ሎደሩ በሄደበት ሁሉ አላገኘውም ማለት ነው። የኤልፍ (የሊኑክስ ፕሮግራም ፋይል ቅርጽ) ክላስ ስህተት ነው የሚለው ደግሞ ፋይሉ ተገኝቷል፣ ግን 64 ቢት ሲጠበቅ 32 ቢት ሆኖ ተገኝቷል ማለት ነው። ያልታወቀ ሲምቦል የሚለው ላይብረሪው ተከፍቶ ውስጡ የሚፈለገው ፈንክሽን ሲታጣ የሚመጣ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ የተከፈተው ሌላ ቅጂ መሆኑን ይጠቁማል። ጂሊብሲ የተባለው የሲስተሙ መሠረታዊ ላይብረሪ እትም 2.34 አልተገኘም የሚለው ደግሞ ፕሮግራሙ የተገነባው ከዚህ ማሽን ይልቅ አዲስ በሆነ ሲስተም ላይ ነው ማለት ነው፤ 2.34 የወጣው በ2021 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ከዚያ የቀደመ ኡቡንቱ (አንዱ የሊኑክስ ዓይነት) ላይ ምንም ዓይነት ፓዝ ቢጻፍ አያድነውም። ከአራቱ «ኢንስቶል አድርግ» የሚለው ምክር ሊረዳ የሚችለው በመጀመሪያው ላይ፣ እሱም አንዳንዴ ብቻ ነው።

በእኛ አካባቢ ደጋግሜ ያየሁትን ምሳሌ ላንሳ። ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወረድ መሬቱ ከ2,800 ሜትር ገደማ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ስለሚያሽቆለቁል፣ የከፍታ መረጃን በፓይተን መተንተን የሚወዱ ተማሪዎች ብዙ ናቸው፤ ለዚህም ጂዳል የተባለውን የካርታ ላይብረሪ ይጠቀማሉ። ኡቡንቱ 22.04 የሚያመጣው ጂዳል የፋይል ቁጥሩ 30 ሲሆን፣ ኡቡንቱ 24.04 የሚያመጣው ግን 34 ነው። የራሱን ፓይተን በቤት ፎልደሩ ያስቀመጠ ተማሪ ኡቡንቱን ከ22.04 ወደ 24.04 ሲያሻሽል፣ ቀድሞ የገነባው የፓይተን ማገናኛ (ፓይተንን ከጂዳል ጋር የሚያገናኘው ፓኬጅ) አሁንም ቁጥር 30ን ይጠይቃል፤ ማሽኑ ላይ ያለው ግን 34 ነው። ላይብረሪው አለ፤ የተጠየቀው ቁጥር ነው የሌለው። በመመሪያው መሠረት የሲስተሙን ጂዳል ደግሞ ኢንስቶል ቢያደርግ ያው 34 ይመጣለታል። ማገናኛውን ፒፕ በተባለው የፓይተን ፓኬጅ መጫኛ አጥፍቶ ያንኑ የቀድሞ እትም ቢመልስ ደግሞ ፒፕ ከዚህ በፊት እዚያው ማሽን ላይ የገነባውን ከካሹ (አስቀድሞ ካስቀመጠው ቅጂ) አውጥቶ ሊሰጠው ስለሚችል፣ አሁንም ቁጥር 30 የሚጠይቅ ፋይል ይዞ ይቀራል። መፍትሔው ጂዳል ኮንፊግ በተባለው ትእዛዝ ማሽኑ ላይ ያለውን እትም አይቶ፣ ከእርሱ ጋር የሚስማማውን የማገናኛ እትም ካሹን ሳይጠቀሙ መገንባት ነው። በሞባይል ዳታ ለሚሠራ ተማሪ ደግሞ በመጀመሪያ መልእክቱ ውስጥ ያለውን ቁጥር ማንበቡ ከየትኛውም ዳውንሎድ ይቀድማል።

ጸሐፊው በዚህ ክፍል አንድ ትክክለኛ ነገር ተናግረዋል። የትኛው ፓይተን እየሠራ እንደሆነ አስቀድሞ ይጣራ ማለታቸው ተገቢ ነው፤ ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንት የፓይተን ፓኬጆችን እንጂ የሲስተሙን ላይብረሪዎች እንደማይለይ ማስታወሳቸውም እንዲሁ።

ወደ ባሽአርሲ ልለፍ፤ የጽሑፉ እምብርት እርሱ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እመለከተዋለሁ። ባሽአርሲን የሚያነበው በተርሚናል ከሰው ጋር የሚነጋገረው፣ ባሽ የተባለው ትእዛዝ ተቀባይ ፕሮግራም ነው። በኡቡንቱ ላይ ፋይሉን ከፍቶ የመጀመሪያዎቹን መስመሮች ያነበበ ሰው፣ ባሹ ከሰው ጋር የሚነጋገር ካልሆነ ቀሪው ሳይነበብ እንዲመለስ የሚያዝዝ መስመር ያገኛል። ስለዚህ መጨረሻው ላይ የተጻፈው ቫሪያብል ሥራን በተወሰነለት ሰዓት በሚያስነሣው በክሮን ለሚነሣ ሥራ፣ ሰርቪሶችን (ከጀርባ የሚሠሩ ፕሮግራሞችን) በሚያስተዳድረው በሲስተምዲ ለሚመራ ሰርቪስ፣ ብዙ ጊዜም ከዴስክቶፕ ላይ አይኮኑ ተጭኖ ለሚከፈት የኮድ ኤዲተር አይደርሳቸውም። «ተርሚናል ላይ ይሠራል፣ ኤዲተሩ ውስጥ ግን አይሠራም» የሚለው የተማሪዎች የዘወትር አቤቱታ መነሻው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

መብራት እየጠፋ በሚመጣበት ከተማ ይህ ልዩነት ከቶውንም ቀላል አይደለም። አንድ ሰው ሰርቪሱን መጀመሪያ በእጁ ከተርሚናል አስነሥቶት ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ፕሮሰሱ የተርሚናሉን ቫሪያብሎች ወርሶ ለሳምንታት ያለ ችግር ይሠራል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስና ማሽኑ ራሱን ሲያስነሣ ግን ያንኑ ፕሮግራም የሚያስነሣው ሲስተምዲ ነው፤ እርሱ ደግሞ ባሽአርሲን አያነብም። ማንም ምንም ሳይነካ ትናንት የሠራው ዛሬ ላይብረሪ አጣሁ ይላል፤ ሰዎችም ጥፋቱን በመብራቱ መቆራረጥ ወይም በዲስኩ ላይ ያሳብባሉ። በዚህ ጊዜ ቫሪያብሉን በሰርቪሱ ፋይል ውስጥ ኢንቫይሮመንት በሚለው መስመር ማስፈር ያሻል።

በሌላ አቅጣጫ ሲታይ ደግሞ ያው ምክር ከሚገባው በላይ ሰፊ ነው። ከተርሚናሉ የሚነሣ ፕሮግራም ሁሉ ቫሪያብሉን ስለሚወርስ፣ ለአንድ ፓይተን ፕሮግራም ሲባል የተጻፈ ፎልደር የሌሎችንም ላይብረሪ ይቀይራል። የኮንዳን (የራሱን ላይብረሪዎች ይዞ የሚመጣ የፓኬጅ አስተዳዳሪ ነው) ሊብ ፎልደር እዚህ ላይ የጨመሩ ሰዎች ባሽ ራሱ ሲነሣ ስለ ሊብቲንፎ ላይብረሪ የእትም መረጃ አላገኘሁም እያለ ሲያማርር የሚያዩት ለዚህ ነው፤ የሲስተሙ ባሽ የራሱን ትቶ የኮንዳን ቅጂ ከፍቷል ማለት ነው። ይህኛው በማስጠንቀቂያ ያልፋል፤ የተተካው ላይብረሪ የኢንተርኔት ግንኙነትን የሚያመሰጥረው የኤስኤስኤል ሲሆን ግን እርሱን የሚጠቀሙት ጊትና ከርል የተባሉት ፕሮግራሞች ሊቆሙ ይችላሉ።

በጽሑፉ የተሰጠው መስመር ራሱም አንድ ጉድለት አለበት። አዲሱን ፎልደር ጽፎ፣ ሁለት ነጥብ አድርጎ፣ የቫሪያብሉን የቀድሞ ዋጋ ከኋላ ያስከትላል። ቫሪያብሉ ቀድሞ ባዶ ከነበረ ግን ከሁለት ነጥቡ በኋላ ምንም ነገር አይኖርም፤ ሎደሩ ደግሞ ይህን ባዶ ቦታ «አሁን ያለሁበት ፎልደር» ብሎ ይተረጉመዋል። ብዙ ተማሪዎች በሚጋሩት የላብራቶሪ ማሽን ላይ፣ ሁሉም ሊጽፍበት በሚችል ፎልደር ውስጥ ቆሞ ትእዛዝ የሚሰጥ ተማሪ፣ ሌላ ሰው እዚያ ያስቀመጠውን ተመሳሳይ ስም ያለው ላይብረሪ ሳያውቅ ሊያስነሣ ይችላል። የቀድሞው ዋጋ ካለ ብቻ ሁለት ነጥቡን የሚጨምር አጻጻፍ ባሽ ውስጥ ስላለ ይህን ማረም ቀላል ነው፤ ጸሐፊው እንዲያርሙት በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ይህን ስል ኤልዲ ላይብረሪ ፓዝ ፈጽሞ አይነካ ማለቴ አይደለም። ለሙከራ፣ በአንድ ትእዛዝ ፊት ለፊት ተጽፎ ለዚያች አንድ ሩጫ ብቻ ሲያገለግል፣ ከእርሱ የሚሻል መሣሪያ የለም። ለዘለቄታው ግን እንደ ሁኔታው ሌላ መንገድ አለ። ላይብረሪው ለማሽኑ ተጠቃሚዎች ሁሉ የሚያገለግል ከሆነ የማሽኑ አስተዳዳሪ ፎልደሩን በኤልዲ ኤስኦ ኮንፍ ዲ (የሎደሩ ማስተካከያ ፎልደር) ውስጥ በአንድ ፋይል አስፍሮ ኤልዲኮንፊግን ማስነሣት ይችላል። ላይብረሪው የአንድ ፓኬጅ ብቻ ከሆነ ደግሞ ኦሪጅን የሚለውን ምልክት በመጠቀም «ከእኔ አጠገብ ፈልግ» የሚል ራንፓዝ ፓችኤልፍ በተባለው መሣሪያ መጻፍ ይቻላል፤ ይህም ፎልደሩ ወደ ሌላ ማሽን ቢዛወር እንኳ አብሮ ይሄዳል። መታወቅ ያለበት ራንፓዝ የሚያገለግለው ፋይሉ በቀጥታ ለሚጠይቃቸው ላይብረሪዎች እንጂ እነርሱ በተራቸው ለሚጠይቋቸው አለመሆኑ ነው፤ የቀድሞው አርፓዝ ግን ለእነርሱም ይደርስ ነበር።

ኤልዲ ላይብረሪ ፓዝን በፕሮግራሙ የመጀመሪያ መስመር መሙላት የሚለው ምክር ነው በሊኑክስ ላይ ጨርሶ የማይሠራው። ሎደሩ ይህን ቫሪያብል የሚያነበው ፕሮሰሱ ሲነሣ አንድ ጊዜ ነው፤ የፓይተን የመጀመሪያ መስመር ሲደርስ ያ ጊዜ አልፏል። ኦኤስ ኢንቫይሮን ላይ የተደረገው ለውጥ ከዚያ በኋላ ለሚነሡ ልጅ ፕሮሰሶች ይተላለፋል፤ ለራሱ ለፕሮሰሱ ሎደር ግን አይደርሰውም። ጸሐፊው «ሞክሬው ሠርቶልኛል» ማለታቸውን አልጠራጠርም፤ ምክንያቱም ሲሠራ የሚታይባቸው ሁኔታዎች በእርግጥ አሉ። ስሌት በስንት ክር እንደሚሠራ የሚወስነውን ኦኤምፒ ነም ትሬድስ የተባለ ቫሪያብል፣ ነምፓይ የተባለው የስሌት ላይብረሪ ኢምፖርት ከመደረጉ በፊት የሞላ ሰው ውጤቱን ያያል፣ የጂዳልን የመረጃ ፎልደር የሚያመለክተው ጂዳል ዳታም እንዲሁ። እነዚህን የሚያነባቸው ግን ላይብረሪው ራሱ ነው፤ የሚያነባቸውም ከተከፈተ በኋላ ነው። ላይብረሪው የሚገኝበትን ቦታ የሚወስነው ቫሪያብል ከዚያ ቀድሞ ተነቧል።

ግራ መጋባቱን የሚያባብስ አንድ ነገርም አለ። ሼርድ ላይብረሪዎችን ለመክፈት በሚያገለግለው የፓይተን ሞጁል በሲታይፕስ ውስጥ ያለው ፋይንድ ላይብረሪ የተባለው ፈንክሽን፣ ከፓይተን 3.6 ጀምሮ ላይብረሪውን በሌላ መንገድ ካላገኘው ኤልዲ ላይብረሪ ፓዝን ይመለከታል፤ የሚመለከተውም በኦኤስ ኢንቫይሮን በኩል ነው። ስለዚህ ቫሪያብሉን በፕሮግራሙ ውስጥ የሞላ ሰው ፈንክሽኑን ሲጠራ የላይብረሪውን ስም በትክክል ይሰጠዋል፤ ያንኑ ስም ወስዶ የዚያው ሞጁል መክፈቻ በሆነው በሲዲኤልኤል ሊከፍተው ሲል ግን አልተገኘም ይባላል። ፈንክሽኑ የሚመልሰው ሙሉ አድራሻውን ሳይሆን ስሙን ብቻ ሲሆን፣ ስሙን ተቀብሎ የሚፈልገው ደግሞ ቫሪያብሉን ቀድሞ ያነበበው ሎደር ነውና። ከፕሮግራሙ ሳይወጣ መፍታት የሚፈልግ ሰው ለሲዲኤልኤል ሙሉ አድራሻውን ይስጥ፤ በስሙ ውስጥ የፎልደር መለያ መስመር ካለ ሎደሩ ፍለጋውን ትቶ በቀጥታ ያንን ፋይል ይከፍታል። ላይብረሪው የሚፈልጋቸው ሌሎች ላይብረሪዎች ካሉም እነርሱን አስቀድሞ በሙሉ አድራሻ መክፈት ይቻላል፤ ሎደሩ ያው ስም ያለው ላይብረሪ ተከፍቶ ካገኘ ሌላ አይፈልግም።

የሲምሊንኩን ምክር በከፊል እቀበለዋለሁ። ቁጥር የሌለውን ስም ወደ ባለቁጥሩ ፋይል ማመልከት ጉዳት የለውም፤ የዴቭ ፓኬጆች (ለግንባታ የሚያስፈልጉ ፋይሎችን የያዙት) የሚሠሩትም ይህንኑ ነው። ቁጥር 34ን «30 ነህ» ብሎ መሰየም ግን ሌላ ነገር ነው። ቁጥሩ የተለወጠው አዘጋጆቹ የቀድሞው ፕሮግራም በአዲሱ ላይ እንዳለ እንደማይሠራ ለማስታወቅ ነው። ኦፕን ኤስኤስኤል 1.1 ወደ 3 ሲሸጋገርና ኡቡንቱ 22.04 የቀድሞውን ሲያስወጣ ብዙ ሰዎች ይህን ሞክረዋል፤ ሲምቦሎቹ የእትም ምልክት ስላላቸው ሎደሩ ወዲያው እምቢ አላቸው። እነዚያ እድለኞች ናቸው ማለት ይቻላል። ሎደሩ የፈንክሽኖቹን ስም እንጂ የሚቀባበሉትን መረጃ ቅርጽ ስለማይመረምር፣ ምልክት በሌለው ላይብረሪ ላይ ያው ድርጊት ያለ ተቃውሞ አልፎ ፕሮግራሙ መካከል ላይ ሊወድቅ፣ ከዚያ የከፋው ደግሞ የተሳሳተ የከፍታ ቁጥር አውጥቶ ሊቀጥል ይችላል።

ስለ ሱዶ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ሱዶ በልዩ ሥልጣን የሚነሣ ፕሮግራም በመሆኑ ሎደሩ ኤልዲ ላይብረሪ ፓዝን ለደኅንነት ሲል ያጠፋበታል፤ ቫሪያብሎቹን ጠብቅ የሚለው አማራጭ ቢጨመርም ይህኛው አይመለስም። ስለዚህ ምክሩ ተማሪው በቀደመው ምክር የሠራውን ያፈርስበታል፣ ብዙ ጊዜም ሌላ ፓይተን ያስነሣበታል፣ በቤት ፎልደሩም ሩት (አስተዳዳሪው) የያዛቸው ፋይሎች ይተውለታል።

የዊንዶውሱ ምክር እስከ ፓይተን 3.7 ድረስ ልክ ነበር። በ2019 እ.ኤ.አ. ጥቅምት ወር ከወጣው 3.8 ጀምሮ ግን ፓይተን ኤክስቴንሽኖች (እንደ ማገናኛው ያሉ የተገነቡ ሞጁሎች) የሚፈልጓቸውን ዲኤልኤሎች (የዊንዶውስ ሼርድ ላይብረሪዎች) በፓዝ ላይ አይፈልግም፤ ፎልደሩ በኦኤስ ሞጁል ውስጥ ባለው አድ ዲኤልኤል ዳይሬክተሪ በተባለው ፈንክሽን መታከል አለበት። የሚገርመው፣ ጸሐፊው በፕሮግራሙ ውስጥ ይሞላ ያሉት ምክር በሊኑክስ ላይ የማይሠራውን ያህል፣ በዊንዶውስ ላይ ከፓዝ ይልቅ የሚሠራው በፕሮግራሙ ውስጥ የሚጻፈው መሆኑ ነው።

መመሪያው ከሁሉ ይልቅ የጎደለው ምንም ነገር ከመለወጥ በፊት የሚደረግ ምርመራ ነው። ኤልዲ ዲበግ የተባለውን ቫሪያብል ሊብስ በሚል ዋጋ ሞልቶ ፕሮግራሙን ማስነሣት ይበቃል፤ ሎደሩ የሞከረውን እያንዳንዱን አድራሻ፣ ያንን አድራሻም ከኤልዲ ላይብረሪ ፓዝ፣ ከራንፓዝ ወይም ከመዝገቡ ማግኘቱን በዝርዝር ይጽፋል። ኢንተርኔት አይጠይቅም። ለሰርቪስ ሲሆን ኤልዲ ዲበግ አውትፑት የተባለው ቫሪያብል ይህንኑ ወደ ፋይል ያስጽፋል። በእርግጥ ጽሑፉ አንድ ፋይል የሚፈልጋቸውን ላይብረሪዎች የሚዘረዝረውን ኤልዲዲን ጠቅሷል፤ ነገር ግን ኤልዲዲ የሚመልሰው በተጠየቀበት ተርሚናል ቫሪያብሎች መሠረት ስለሆነ፣ ተርሚናሉ ላይ ሁሉም ተገኝቷል ሲል ሰርቪሱ ያው ላይብረሪ ጠፍቶበት ሊሆን ይችላል። ምንጩ በማይታወቅ ፋይል ላይ ደግሞ ፕሮግራሙን ሊያስነሣው ስለሚችል ኤልዲዲን አለመጠቀም ይመረጣል፤ ሪድኤልፍ የሚፈለጉትን ስሞች ፋይሉን ሳያስነሣ ያሳያል። በሥራ ላይ ያለ ፕሮሰስ ሲነሣ የወረሳቸውን ቫሪያብሎች ለማወቅ ፕሮክ በተባለው ፎልደር ሥር በፕሮሰሱ ቁጥር በተሰየመው ፎልደር ውስጥ ኢንቫይሮን የተባለውን ፋይል ማንበብ፣ የከፈታቸውን ላይብረሪዎች ለማወቅ ደግሞ ማፕስ የተባለውን ማንበብ ይቻላል።

መስመሩን ቀድመው በባሽአርሲ የጻፉ ተማሪዎች ከፋይሉ ካጠፉት በኋላ ክፍት የሆኑ ተርሚናሎቻቸውን ሁሉ መዝጋት አለባቸው፤ ከእነዚያ ተርሚናሎች የተነሡ የጁፒተር ሰርቨሮችና ኤዲተሮችም ካሉ እንዲሁ ተዘግተው ይከፈቱ፤ እስኪዘጉ ድረስ የወረሱትን አሮጌ ዋጋ ይዘው ይቆያሉና።